ጋሼ ኤርካሎ ስልክ አይወዱም

ሶዶ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ኤርካሎ ደገፉ፣
ሀምቡርግ

የጌታ ሰላም ባሉበት ይድረስዎ። በጤናዎም በሥራዎም፣ በመግቢያ በመውጫዎም እሱ ይጠብቅዎ። እኛ ከአባቴ ጉልበት በቀር ደህና ነን። አባቴ "ለወንድሜ ሳሮ፣ ሰላም በይልኝ፣ ገና አልሞትኩም በይው" ብሏል፤ እንዳለው ጻፍኩት።

በነሐሴ የላኩት ደብዳቤ ደርሶናል። እንደ ልማዳችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ሁሉ አባቴ ቤት ተሰብስቦ ነው የተከፈተው። እርስዎ በአማርኛ ይጽፋሉ፣ እኔ መምህርቷ እያየሁ በወላይትኛ አነብላቸዋለሁ። ኮፐንሃገን ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ እንዳዳመጠዎ ሳነብ አባቴ አስደገመኝ። ስለ ወገብዎ ሕመምና ባቡር ጣቢያ ስላደሩበት የጻፉትን ግን ዘለልኩት። ሽማግሌው ቢሰማ እህል አይቀምስም። ክፉ ክፉውን ቀስ ብዬ ለብቻው እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ይቀራል።

ዘመዶቻችን አንድ ነገር ጠይቀውኛል፤ ለምንድን ነው ስልክ የማያነሱት? በሰጡን ቁጥር እንደውላለን፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። አንዳንዱ "ትልቅ ሰው ሆኖብን ነው" ማለት ጀምሯል። እኔ "ጋሼ ኤርካሎ ስልክ አይወዱም፣ ደብዳቤ ነው የሚወዱት" ብዬ አልፌዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ ሄኖክ አረካ ምርምር ማዕከል፣ እንሰት ችግኝ ላይ ከተቀጠረ ወዲህ ቤቴ ቀና ብሏል። ባለቤቴ ጌታሁን ካረፈ ጀምሮ የምደገፈው በእሱ ነው። ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ ይመጣና ቅዳሜን ሙሉ ጊታሩን ታቅፎ ይውላል። የተማረው ከኢንተርኔት የእርስዎን እያየ ነው። እሱ ብቻም አይደለም፤ ሶዶ ውስጥ ጊታር የያዘ ወጣት ሁሉ እንደ እርስዎ በአውራ ጣቱ ነው የሚመታው። አመታቱንም "ኤርካሎኛ" ብለውታል። አንድ ባለ ባጃጅ ፎቶዎን ከኋላው ለጥፎ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሲመላለስ ይውላል። አባቴ ሲያየው ባርኔጣውን ያወልቃል።

ታዲያ አዲስ አበባ ያለ አንድ ባንድ ሄኖክን "ና" ብሎታል። እሱም በአያቱ ፊት ቆሞ "ጋሼ ኤርካሎ ሰምተውኝ 'ትችላለህ' ካሉኝ ሥራዬን ለቅቄ እሄዳለሁ። 'አትችልም' ካሉኝ ጊታሩን እሰቅለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው አይነሳብኝ" አለ። ሽማግሌዎቹም "ደግ፣ ኤርካሎ ይፍረድ" ብለው ተስማሙ።

የዱቦ ሆስፒታሏ ነርስ ሲስተር ትንሳኤ ለትምህርት ወደ እርስዎ ከተማ ስለምትመጣ፣ ሄኖክ የተጫወታቸው ዜማዎች ያሉበትን ፍላሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዛልዎ ትመጣለች። በዚህ ጊዜ ገንዘብ አልጠይቅም፤ ለአባቴ እግር የላኩት ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የምጠይቀው ቃል ነው። እናት ነኝና ምን እንዲሉት እንደምመኝ አይጠፋዎትም። ቢሆንም እውነቱን ይንገሩት። ልጁ የሚያምነው እርስዎን ብቻ ነው።

የወንድምዎ ልጅ
ሽታዬ ጩማ


ሀምቡርግ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሽታዬ፣

የአባቶቻችን አምላክ ቤትሽን ይሙላው፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። የወንድሜን የጩማን ጉልበት ሳሚልኝ። ገና አልሞትኩም ማለቱን ሰምቻለሁ፤ እኔም ገና ነኝ በይው።

ስለ መዘግየቴ አትቀየሚኝ፣ መንገድ ላይ ነበርኩ። ብሬመን፣ ከዚያ ዴንማርክ፣ ከዚያ ስሟን መጻፍ የማልችላት አንዲት የባሕር ዳር ከተማ። ሆቴሉ ሁሉ አንድ ነው። አልጋው ጠባብ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ ቁርሱ ቀዝቃዛ ሥጋ። ድሮ መድረክ ላይ ስወጣ ድካሙ ይለቀኝ ነበር፤ አሁን አብሮኝ ይወጣል። ይህችንም እንደ ለመድሽው ዝለያት።

ስለ ስልኩ ጥሩ መልሰሻል። አልወድም። ስልክ ሰውን ያጣድፋል። በደብዳቤ ግን ቃሉን ደጋግሜ አየዋለሁ፤ ካልገባኝም ነገ ተመልሼ አየዋለሁ።

ሲስተር ትንሳኤ መጥታ ነበር። ሻይ አፈላሁላት፤ ብዙ አወራችኝ፣ እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ አስተናገድኳት። ደግ ልጅ ናት። ፍላሹን ሰጥታኛለች። ገና አልሰማሁትም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሩጫ አይሰማም።

እስከዚያው ለሄኖክ ይህን ንገሪው። መጀመሪያ የያዝኩት ጊታር ዱቦ ሚሲዮን የጣለው ነበር፤ ክሩ አራት ብቻ። ዘመኑ ደርግ ነው፣ የጎደለውን ክር ከየት አመጣለሁ? ስለዚህ ልቅሶ ላይ ዲንኬ የሚባለውን ቀንድ የሚነፉትን ሰዎች አሰብኩ። እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ናት። ተራው እስኪደርስ ዝም ይላል፤ ሲደርስ ይነፋል፤ ዜማው ከሁሉም ተለቃቅሞ ይወጣል። እኔም ጣቶቼን እንደዚያ አስተማርኳቸው። አውራ ጣቴን ትልቁ ቀንድ አደረግሁት፤ ሌሎቹ ተራቸውን መጠበቅ ለመዱ። ያ ነው ሰው የሚገረምበት ሚስጥር፤ የክር እጦት ነው።

በካርቱም በኩል አድርጌ እዚህ ስደርስ ወደብ አጠገብ አንድ መጠጥ ቤት ሰሃን አጥብ ነበር። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ እዚያ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ጊታሩን ወንበር ላይ ትቶ ሲወጣ እጄን ጠራርጌ አነሳሁት። ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሰማኝና "ይህን ብሉዝ የት ተማርከው?" አለኝ። ብሉዝ የሚባል ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። "ልቅሶ ቤት" አልኩት። "እንግዲያው ትክክለኛው ቦታ ነው" ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሸክላ ነው፣ መድረክ ነው፣ ጋዜጣ ነው፤ እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። አሁን ደግሞ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነ አንድ ፈረንጅ መመረቂያውን በአውራ ጣቴ ላይ ጽፎ ጥራዙን ላከልኝ። ከባድ ነው፤ በሩን አስደግፌበታለሁ።

ዝናብ ጣለ? የእንሰቱ በሽታ ተወ? ጻፊልኝ።

አጎትሽ
ኤርካሎ


ሶዶ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኤርካሎ፣

እግዚአብሔር እርጅናዎን ያለምልም፣ አጠገብዎ ሰው አያሳጣዎ። አባቴም ዘመዶቻችንም በየስማቸው ሰላም ብለውዎታል።

ደብዳቤዎ የደረሰን በጥር መጨረሻ ነው። እሑዱን ተነበበ። ሆቴሉን ዘለልኩት። የሰሃን እጥበቱንም ዘልዬ ከአሜሪካዊው ጀመርኩ፤ አባቴ የደገፉ ልጅ የሰው ሰሃን አጠበ ሲባል ቢሰማ የሚሆነውን አውቃለሁ። ስለዚህ ሄኖክ የሰማው አንድ ትልቅ ሰው ወንበር ሲስብልዎ ብቻ ነው። ያቺን ወንበር ዓርብ መጥቶ እስከ እሑድ ሲያወራት ይከርማል።

ዝናቡ ዘግይቷል። ሁምቦ በኩል በቆሎው ደርቋል፣ ከብቱን ወደ ደጋ እየነዱት ነው። የእኛ እንሰት ደህና ነው። እኔ ግን ደክሞኛል ጋሼ። ጠዋት ማስተማር፣ ከሰዓት የአባቴን እግር ማሸት፣ ከዚያ ደብተር ማረም። ቅዳሜ ትንሽ አርፋለሁ ስል ከግድግዳው ማዶ ጊታሩ ይጀምራል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደግሞ ሄኖክን ጠርተውት ነበር። የመዘምራኑ ጊታር "የመጠጥ ቤት አመታት ሆኗል" ተብሎ ነው። መጋቢ ሰብስቤ አውራ ጣቱን እንዲተው ሊመክሩት ሲጀምሩ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነስተው "ይህ አባቶቻችንን የሸኘንበት ዲንኬ ነው፣ መጠጥ ቤቱ ነው ከእኛ የወሰደው" አሉ። ጉዳዩ እዚያው ቀረ። እርስዎ ሀምቡርግ ተቀምጠው እዚህ በስምዎ ሙግት እንዳለ ይወቁት ብዬ ነው።

ባንዱ ሄኖክን የሚጠብቀው እስከ ፋሲካ ነው። ከእርስዎ ቃል ሳይመጣ አልሄድም ብሏል፤ ግን አረካም ልቡ የለም። እሑድ እሑድ ዓይን ዓይኔን ያያል። ረጅም ደብዳቤ አንጠብቅም። ሁለት መስመር ይበቃናል።

ሽታዬ


ሀምቡርግ፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄኖክ ጌታሁንና ለእናቱ ለሽታዬ፣

ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን። ወንድሜ ጩማና የተሰበሰባችሁ ሁሉ ይህን ስሙልኝ።

ሰማሁት። በሬን ዘግቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ልጄ ሄኖክ፣ እጅህ ንጹህ ነው። አውራ ጣትህ ቦታውን ያውቃል፣ ሌሎቹም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ዜማ ላይ አባታችን ደገፉ ታየኝ። ትችላለህ።

እጅህ ይለምልም። የደግ ሰው ዓይን ይረፍብህ። በሄድክበት በር ይከፈትልህ፣ ስምህ ከስሜ ይብለጥ፣ ሸምግለህ ለሌላ መራቂ ያድርግህ።

ሽታዬ፣ አይክፋሽ። ወንድ ልጅ ይሄዳል።

ኤርካሎ


ሶዶ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርካሎ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ረጅሙ ሰላምታ ዛሬ ከእጄ አልወጣ ብሏል፤ ይቅር ይበሉኝ።

የመጋቢቱ ደብዳቤዎ በተነበበ ዕለት የሆነውን ልንገርዎ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ አለቀሰ። ሄኖክ "ትችላለህ" የሚለውን በወላይትኛ ሳይሆን እርስዎ እንደጻፉት በአማርኛው አንብቢልኝ አለኝ፣ አነበብኩለት። እኔ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ወጥቼ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። እውነቱን ይንገሩት ብዬ የለመንኩ እኔ ነኝ፣ እውነቱ እንዲህ ከሆነ ምን እላለሁ ብዬ ነው። በሳምንቱ አረካ ሄዶ መልቀቂያውን አስገባ። የባንዱ ሰዎችም ክረምቱ ሲያልፍ ና አሉት።

ባለፈው ሳምንት ሜላት የምትባል የሴቶች ኅብረት ጸሐፊያችን "የመጋቢ ሰብስቤ ስብከት የተቀዳበትን ፍላሽ መልሺልኝ እንጂ" አለችኝ። ገልብጬ እንድመልስላት ከሰጠችኝ ከርሟል። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ከሰዓት ደወለችልኝ። "ሽታዬ፣ እዚህ ላይ ስብከት የለም፣ ጊታር ነው ያለው" አለች።

ሁለቱም ነጭ ናቸው ጋሼ። ሁለቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ሲስተር ትንሳኤ ይዛልዎ የመጣችው የመጋቢ ሰብስቤን ስብከት ነው። ስብከቱ ስለ አሥራት ነው። መጋቢው ሲናገሩ ጀምረው ሲናገሩ ይጨርሳሉ፤ አንዲት ክር እንኳን አትመታበትም።

ታዲያ ምን ሰሙ? ሁለተኛው ዜማ የቱ ነው? አያቴ ደገፉ የታዩዎት አሥራት ላይ ነው?

ጊዜ አላገኘሁም፣ አልሰማሁትም ቢሉን ማን ይቀየምዎ ነበር? እኛ እኮ እርስዎን በመጠበቅ አንታማም። ልጄን ሳይሰሙት ሸኙት። ከእርስዎ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይጻፍም፣ አውቃለሁ፤ ግን ተናድጃለሁ። ይህንን ለሄኖክም ለአባቴም አልነገርኩም። ሄኖክ ልብሱን እያጣጠበ ነው። ምን ብዬ ልጀምርለት?

ሽታዬ


ሀምቡርግ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሽታዬ፣

ክፉ አይንካሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ እንጂ ፖስታው አይደለም። ጽፌ ቀድጄ፣ ጽፌ ቀድጄ እዚህ ደረስኩ።

ፍላሹን አልሰማሁትም። ብሰካውና የቻልኩትን ያህል ባስጮኸውም አልሰማውም ነበር። ጆሮዬ ሄዷል ሽታዬ። መጀመሪያ ቀጭኑን ክር ወሰደብኝ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ከዚያ የደጁን ደወል። አሁን የቀረኝ አንድ የማያቋርጥ ጩኸት ነው፤ እሱም ከውስጤ ነው። ሐኪሙ ዕድሜ ልኬን ድምፅ ማጉያ ሥር በመቆሜ ነው አለኝ። ጆሮ ላይ የሚሰካ መሣሪያ ሰጥተውኛል፤ የሰው ንግግር ሁሉ የጣሳ ኳኳታ ይሆንብኛል። ሲስተር ትንሳኤ ያኔ የነገረችኝን አንድም አላውቅም። ስልኩ ሲጠራ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። እናንተ መሆናችሁን አውቃለሁ። አንስቼ ምን ልበል? ሄሎ እላለሁ፣ ከዚያስ?

ይህን የሚያውቀው ከበሮ መቺያችን ብቻ ነበር። መድረክ ላይ እጁን አይቼ እገባለሁ፣ አገጩን ሲያነሳ አቆማለሁ። ጣቶቼ መንገዱን አይስቱትም፤ የጊታሩ እንጨት ደረቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ የትኛው ክር እንደሆነ ይገባኛል። ሰው ሲያጨበጭብ እጁን አያለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት ገፋሁ። ያንን ምርቃት ከመጻፌ በፊት፣ በመጋቢት መጀመሪያ ግን፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስጫወት ባንዱ ዘፈኑን ጨርሶ እኔ ቀጠልኩ። ብቻዬን። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ከበሮ መቺው እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ሰዉ ጥበብ መስሎት ተነስቶ አጨበጨበ። ጋዜጣም "ሽማግሌው ከሙዚቃው አልፎ ሄደ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ መድረክ አልወጣሁም። ወጣት ጊታር መቺዎች ቤቴ ድረስ እየመጡ ያስቸግሩኛል፤ አውራ ጣቴን ያዩና ይሄዳሉ።

ለምን መረቅሁት ትያለሽ። ልጅ ቆሞ ሲጠብቅ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመልሰውም፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። እኔ የሰጠሁት ምርቃት፣ እናንተ የተቀበላችሁት ፍርድ። ልዩነቱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። "አልሰማም" ብሎ ከመጻፍ "ትችላለህ" ብሎ መጻፍ ቀለለኝ። ኤርካሎ ደንቆሮ ሆነ ተብሎ ጩማ ቤት ሲነበብ ታየኝና እጄ አልታዘዝ አለ። አፍሬ ነው።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን ሁሉም ሲሰበሰብ ይህን ደብዳቤ አንብቢው። አንዲት ቃል አትዝለይ። ቀድሞ የዘለልሻቸውንም አብረሽ አንብቢ፤ ሰሃኑን፣ ሆቴሉን፣ ወገቤን፣ ባቡር ጣቢያውን። ልጁ ያየው ወንበሯን ብቻ ነው፤ እሷን ብቻ ያሳየነው ደግሞ አንቺና እኔ ነን። ሁሉን ሰምቶ ይወስን። ቢጠላኝም ይገባኛል።

ኤርካሎ


ሶዶ፣ መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ ለጋሼ ኤርካሎ፣

የጊፋታ ሰላም ይድረስዎ። ዓመቱ ቂም የሌለበት፣ ቤት የሚሞላበት ይሁንልዎ። የእኔን ቂም አሮጌው ዓመት ውስጥ ትቼዋለሁ፤ በጊፋታ ቂም ይዞ መሻገር ነውር መሆኑን እርስዎም አይረሱትም።

አነበብኩት። በሬው ታርዶ፣ የእንሰቱ ባጪራ በቅቤ ቀርቦ ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላ ነው፤ በባዶ ሆዳቸው እንዲሰሙት አልፈለግሁም። አሮጌዎቹንም ደብዳቤዎች ይዤ ሄጄ ነበር። የዘለልኩትን ሁሉ ከሥር ጀምሬ አነበብኩ። ሰሃኑ ላይ ስደርስ ወደ አባቴ አላየሁም። "ጆሮዬ ሄዷል" የሚለውን በወላይትኛ ስል ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጥቼ ቀጠልኩ። የአሥራቱንም ነገር ነገርኳቸው። መጋቢ ሰብስቤ በእንግድነት ነበሩ፤ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወጡ፣ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

አባቴ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀበለ። ከዚያ "ስንደውልለት መብራቱን ያያል ነው ያልሽኝ?" አለ። አዎ አልኩት። "እንግዲያው ይደወልለት። ያሰብነው መሆኑን ይይ" አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መብራቱ ብልጭ ካለ እኛ ነን። ማንሳት የለብዎትም።

ሄኖክ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። "እንግዲያው እስካሁን ማንም አልሰማኝም ማለት ነው" አለ። ስለ እርስዎ ነው ያለው፤ ግን እኔን ነካኝ። እኔም ሰምቼው አላውቅማ። ከግድግዳ ማዶ ሲመታ ደብተር እያረምኩ መቼ ነው የሚያቆመው እያልኩ ነው የኖርኩት። በማግስቱ ጠርቼ ከፊቴ አስቀመጥኩትና ተጫወት አልኩት። እስክሪብቶዬን ዘጋሁ።

ጋሼ፣ እኔ ሙዚቃ አላውቅም። የሰማሁትን እንደሰማሁት ልጻፍልዎ። የመጀመሪያው ዜማ መሃል ላይ ሳተ፤ ደንግጦ ግን አላቆመም፣ ዞሮ ያዘው። ሁለተኛው ላይ ቸኮለ። ሦስተኛውን ሲጀምር ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። አውራ ጣቱ ወፍራሙ ክር ላይ አንዴ ይመታል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ሌላው ጣት። ጌታሁን የተቀበረ ቀን ዲንኬ ነፊዎቹ ከበሩ ጀምረው የነፉት ነበር። ሄኖክ ያኔ የትምህርት ቤት ልብሱን ለብሶ ጥግ ቆሞ ነበር፤ አይዞህ ያለው ሰው መኖሩንም አላስታውስ። አንዱንም ድምፅ አልረሳውም። ጌታሁንን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ሲጨርስ "እንዴት ነው?" አለኝ። አረካ ቦታው ገና ክፍት ነው፤ አለቃው ራሱ "ይመለስ" ብሎ ልኮብኛል። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። "አትችልም" ብለው ኖሮ ልጄ ሰኞ ሥራው ላይ ነበር፤ ዓርብ ዓርብም ይመጣልኝ ነበር። ደክሞኛል ጋሼ፣ ብቻዬን ከሽማግሌ ጋር መቅረት እፈራለሁ። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ማለት አልቻልኩም።

ልጁ ይችላል። ነገርኩት። ባይችል ይሻለኝ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ይሄዳል። የሚመክሩት ነገር ካለ ይጻፉለት፤ ሁሉም ፊት ሳይሆን ለእሱ።

ሽታዬ


ሀምቡርግ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሽታዬና ለሄኖክ፣

መንገዳችሁን ያቅናው፣ የቀረውንም የሄደውንም ይጠብቅ። እሑድ መብራቱ ብልጭ ሲል አየሁት። ወንበሬን ወደ ስልኩ አዙሬ እስኪጠፋ ተቀመጥኩ። ለጩማ ይህን ንገሪው።

ሽታዬ፣ አንቺ ሰምተሻል፤ እኔ የምጨምርበት የለም። ከእንግዲህ ሲጫወት የሰማሽውን እንደዚህ እየጻፍሽ ላኪልኝ፤ የት እንደሳተ፣ የት እንደቸኮለ። ጊታሬን ደረቴ ላይ አድርጌ በጣቴ እከተለዋለሁ። ብቻዬን እቀራለሁ ያልሽውን አንብቤዋለሁ። እኔም ስሄድ የቀረች እናት ነበረችኝ።

ሄኖክ፣ ምርቃቴን አልመልሰውም፣ ያንተ ነው። ምክሬ ግን አጭር ነው። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብለህ ቁም፤ የባንዱ አለቃ ቢቆጣም ራቅ በል። ወደ ከበሮው አትጠጋ። አዲስ አበባ እንደገባህ ፋርማሲ ሄደህ ጥጥ ግዛ፤ መድረክ ላይ ከመውጣትህ በፊት በሁለቱም ጆሮህ ክተተው። በሁለቱም እልሃለሁ። እኔም ጥጥ ነበረኝ። የማደርገው ግን በአንዱ ብቻ ነበር፤ በሌላው ጭብጨባውን መስማት ፈልጌ።

ኤርካሎ ደገፉ